የቅመም መጠቅለያ ሆኖ የተገኘ የባልትና ጥራዝ፦ እንዴት ይነበባል፣ እንዴትስ ይበስላል?

ባለፈው ዓመት ፍልሰታ ሊገባ ሰሞን ባሕር ዳር ቅዳሜ ገበያ ወርጄ ጥቁር አዝሙድ ገዛሁ። ቤት ገብቼ ጥቅሉን ስፈታ ወረቀቱ ዓይኔን ያዘው። በታይፕ ተመትቶ በስቴንስል (በድሮው የሰም ወረቀት ማባዣ) የተባዛ፣ ቢጫ የሆነ ገጽ ነው፤ ከላይ «12» ይላል፣ ከሥሩ ደግሞ «የሽምብራ ዓሣ አሠራር»። አዝሙዱን ብልቃጥ ውስጥ ገልብጬ፣ ወረቀቱን ይዤ ወደ ሻጯ ተመለስኩ። ሳቀችብኝ። የቀረው ጥራዝ ሚዛኗ ሥር ነበር፤ ሚዛኑ እንዳይወላገድ ደግፋበታለች። ሽቦው ዝጎ ስለለቀቀ ቅጠሎቹን እንደመጣላት እየነቀለች ትጠቀልልባቸው ነበር። ሽፋኑና የመጀመሪያዎቹ ስድስት ገጾች ከቅመም ጋር በየሰዉ ቤት ገብተዋል። ለተረፈው ሁለት ኪሎ አሮጌ ጋዜጣ ለወጥኳት፤ እሷም በንግዱ አልከሰረችም።

ጥራዙ የአንድ ሰፈር ሴቶች ተሰብስበው ያዘጋጁት የባልትና መማሪያ ነው። ከእያንዳንዱ ምግብ ሥር የሰጠችው ሴት ስም አለ፤ አንዳንዱ ላይ በእስክሪብቶ የተጨመረ እርማት አለ። እንዲህ ያለ ነገር እናንተም ቤት ሊኖር ይችላል፦ በእናታችሁ የልብስ ሣጥን ሥር፣ ጡረታ የወጣች የቤት አያያዝ መምህርት ጋ፣ ወይም እንደኔ ከኮረሪማ ጋር ተጠቅልሎ። ሲገኝ ብዙ ሰው ሁለት ስህተት ይሠራል። አንዱ በፕላስቲክ አስለብሶ ግድግዳ ላይ መስቀል ነው። ሌላው በዚያው ምሽት ምግቡን ለመሥራት መሞከር ነው። እኔ ሁለተኛውን ሠርቻለሁ፤ ወደታች እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ወረቀቱን ማዳን

ባሕር ዳር ክረምት ላይ ወረቀት ይረጥባል። የጣና እርጥበት ካለበት ቤት ውስጥ የተቀመጠ አሮጌ ጥራዝ ሻጋታ ባይታይበት እንኳ ይሸታል። ስለዚህ፦

ከጓዳ አውጡት። የወጥ እንፋሎትና የከሰል ጭስ ካለበት ክፍል ጋር አይስማማም።

ጥላ ያለበት ነፋሻ ቦታ ላይ፣ ቅጠሎቹን ነጣጥላችሁ፣ አንድ ቀን አናፍሱት። ፀሐይ ላይ አታስጡት፤ ወረቀቱን የበለጠ ያጠወልገዋል፣ የእጅ ጽሑፉንም ያደበዝዘዋል። ሻጋታ ካለ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍናችሁ፣ ከቤት ውጭ፣ በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ጥረጉት። እርጥብ ጨርቅ አታስነኩት። የስቴንስል ቀለም ዘይትነት ስላለው ውኃ ቶሎ አይጎዳውም፤ በብዕር የተጨመረው እርማት ግን ወዲያው ሊፈስ ይችላል፤ ከሁሉ ውዱ ደግሞ እሱ ነው።

የዛገውን ሽቦ በጥፍር ሳይሆን በቀጭን ቢላ ጀርባ ቀስ ብላችሁ አቃኑና አውጡ። የተቀደደውን በፕላስተር አትለጥፉ፤ ሙጫው ከጥቂት ዓመት በኋላ ቡናማ ሆኖ ወረቀቱን ይበላዋል። ፕላስቲክ ማልበሱም እንዲሁ ነው፤ አንዴ ከተሠራ አይመለስም። በንጹሕ ነጭ ወረቀት መካከል እያስገባችሁ ካርቶን ውስጥ አስተኙት። የገጽ ቁጥር ከሌለው ከጥጉ በእርሳስ ጻፉ።

ከዚያ በስልክ ፎቶ አንሱ። መስኮት አጠገብ፣ ያለ ፍላሽ፣ ስልኩን ከወረቀቱ ትክክል አድርጋችሁ። ባዶ የሚመስለውንም ጀርባ አንሱት። የኔ ጥራዝ ገጽ 23 ጀርባው ላይ የአንድ ዕቁብ ሒሳብ አለ፤ ማን በስንተኛው እንደወጣላት ሁሉ ይታወቃል።

ዕድሜውን ከቃላቱ ማወቅ

ሽፋኑ ከጠፋ ዓመተ ምሕረቱም አብሮ ይጠፋል። ግን አማርኛ ራሱ ይመሰክራል። «ጎጃም ጠቅላይ ግዛት» የሚል ካገኛችሁ ከአብዮቱ በፊት ነው። «ክፍለ ሀገር» ካለ ደርግ ዘመን ነው። «አስተዳደር አካባቢ» ከሆነ 1980 ዓ.ም. እና ከዚያ ወዲህ ያሉት ጥቂት ዓመታት ናቸው። «ክልል 3» ካለ ደግሞ በ1980ዎቹ አጋማሽ፣ የሽግግሩ ጊዜ ማለት ነው። «ቀበሌ» የሚለው ቃል ለከተማ ነዋሪዎች ማህበር መጠሪያ የሆነው በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ከወጣ በኋላ ስለሆነ፣ «የቀበሌያችን ሴቶች» የሚል ጽሑፍ ከዚያ አይቀድምም። የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ሴቶች ማህበር የተቋቋመው በ1972 ዓ.ም. ነው፤ ስሙ ወይም ማህተሙ ካለበት ወለሉን እዚያ አድርጉት። ግርጌው ላይ «ኢትዮጵያ ትቅደም» ካለ ደግሞ ጣሪያው 1983 ነው።

የእኔው «ክፍለ ሀገር»ም «ቀበሌ»ም አለው፤ «አስተዳደር አካባቢ» ግን የለውም። ከ1967 እስከ 1979 ባለው ውስጥ ነው ብዬ ተውኩት። ከዚያ በላይ ማጥበብ የሚያስችል ነገር የለኝም። በዋጋ ዕድሜ ለመገመት አትድከሙ፤ ዋጋ እንደ ገበያው ነው፣ ያሳስታል።

መገልበጥ

እንዳለ ገልብጡ፤ አታርሙ። «አሳ» ካለ «አሳ»፣ «ዓሣ» ካለ «ዓሣ»። በድሮ የአማርኛ ታይፕራይተር የፊደሉ ቅጥያ ከእግሩ ተነጥሎ ጎን የቆመ ሊመስል ይችላል፤ ስቴንስሉ ሲደክም ደግሞ ቅጥያው ጨርሶ ይጠፋል። «ይላጥ» የሚለው «ይለጥ» ሆኖ ይታያል። በጥርጣሬ ያነበባችሁትን አስምሩበት እንጂ በግምት አትሙሉት። በእስክሪብቶ የተጨመረውን በሌላ ቀለም ጻፉ፤ ማን እንደጨመረችው ባይታወቅም፣ ያቺ ሴት ምግቡን ሠርታ አይታው ነው ያረመችው።

«የስሙኒ ኮረሪማ» ስንት ነው?

ሥራው እዚህ ላይ ይከብዳል። የዱሮ ባልትና ልኩን በግራም አይነግርም። በሦስት ነገር ይለካል፦ በእጅ፣ በዕቃ፣ በገንዘብ።

የእጅ ልክ ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። እፍኝ በአንድ እጅ ነው ወይስ ሁለቱን ገጥሞ? ሰው ሁሉ በራሱ ልማድ ይመልሳል። ጽሑፉን ከሰጠችው ሴት ጋር የሚቀራረብ ዕድሜና ሙያ ያላት ሴት ፈልጉ፤ ዱቄት አቅርቡላት፤ «እፍኝ ያድርጉልኝ» በሏት፤ ወደ ሚዛን ገልብጡ። ሦስት ጊዜ አስደግሙ። መካከለኛውን ያዙ።

የዕቃ ልክ በውኃ ይፈታል። የቡና ስኒ፣ ኩባያ፣ ጭልፋ፣ ምንም ይሁን፣ ውኃ ሙሉበትና መዝኑት፤ አንድ ግራም ውኃ አንድ ሚሊ ሊትር ነው። ጣሳ ግን ያስቸግራል፤ የቲማቲሙ፣ የወተቱ፣ የዘይቱ ጣሳ ልኩ ለየቅል ነው። ቁና ደግሞ ከወረዳ ወረዳ ይለያያል፤ የቁና ነገር ሲመጣ መጠኑን ትታችሁ የአንዱን ከሌላው ጋር ያለውን ድርሻ ብቻ ያዙ፦ ሁለት ቁና ሽምብራ ለአንድ ቁና አተር ካለ፣ ሁለት እጅ ለአንድ እጅ ነው፣ አለቀ። በገበያ ሚዛን የሚቆጠሩት ይቀላሉ፤ ወቄት ወደ 28 ግራም፣ ፈረሱላ ወደ 17 ኪሎ ነው።

የገንዘብ ልክ ግን ልዩ ጣጣ ነው። ገጽ 15 ላይ «የስሙኒ ኮረሪማ፣ የሽልንግ ነጭ አዝሙድ» ይላል። ስሙኒ ሃያ አምስት ሳንቲም፣ ሽልንግ ሃምሳ ሳንቲም ነው። ቸኩለው «አዝሙዱ የኮረሪማው እጥፍ ነው» የሚሉ አሉ፤ ስህተት ነው፤ ሁለቱ ቅመሞች በአንድ ዋጋ አይሸጡምና። እኔ ገበያው ውስጥ ቅመም ስትሸጥ ያረጀች አንዲት ሴት ጋ ሄድኩ። ስሙኒ ስላት ሳቋ መጣ፤ ግን እጇ አልረሳም። ኮረሪማውን ከጆንያው ጭብጥ አድርጋ መዳፌ ላይ አፈሰሰችልኝ፦ «ይቺን ነበር!» ሦስት ጊዜ አስደግሜ መዘንኩ፤ 18፣ 21፣ 19 ግራም። በቃ፣ የስሙኒ ኮረሪማ ለኔ 19 ግራም ነው።

አንድ ተጨማሪ ነገር፦ «አሥር ራስ ሽንኩርት» ካለ አትደንግጡ። ድሮ የነበረው ትንሹ የአበሻ ሽንኩርት ነው። ገበያ ላይ ያገኘሁትን ስመዝን አንዱ ራስ ከ25 እስከ 40 ግራም ነበር፤ አሁን የምንገዛው ትልቁ 120 ይደርሳል። አሥር ራስ ማለት የዛሬው ሦስት ነው። «ዘይት» ካለም በጎጃም የዱሮ ጓዳ ውስጥ መጀመሪያ የሚታሰበው የኑግ ዘይት ነው። የጠራ የታሸገ ዘይት ከተጠቀማችሁ፣ «ዘይቱ ሽታው እስኪለቅ ይብሰል» የሚለውን ማለፍ ትችላላችሁ፤ የቤት ኑግ ከሆነ ግን አትለፉት።

ያልተጻፈውን ፍለጋ

ጥራዙን ያዘጋጁት ሴቶች ለሚያውቁ ሴቶች ነው የጻፉት። ለዚህ ነው «እንደ ወግ ይቁላላ» ብሎ የሚያልፈው። ወጉ ምን እንደሆነ ማን ይጽፋል? ሽንኩርት ያለ ዘይት ይጀመር፣ ውኃ ጠብ ጠብ እየተደረገበት በርበሬው ይብሰል፣ መከለሻው ሲወጣ ይነስነስ፤ ይህ ሁሉ ከገጹ ላይ የለም። ስለዚህ ምግቡን ከመሥራታችሁ በፊት ወረቀቱን ይዛችሁ ቡና አፍሉና አንዲት እናት ጥሩ።

አጠያየቅ አለው። «ስንት ግራም ነው?» ብላችሁ ከጀመራችሁ ትሰለቻለች። «ልክ አለው እንዴ፣ በዓይን ነው እንጂ» ትላችኋለች፤ እውነቷን ነው። ለኔ የሠራልኝ ጥያቄ ሌላ ነው፦ «እናትዎ ይህን ሲያስተምሩዎት ምኑ ላይ ነበር የሚቆጡት?» ቁጣው ያለበት ቦታ ምግቡ የሚበላሽበት ቦታ ነው። ሌላው ዘዴ ጽሑፉን ጮክ ብሎ ማንበብ ነው፤ ማንበብ ሳትጨርሱ ያቋርጧችኋል። ያቋረጡበትን መስመር ምልክት አድርጉበት።

ጉዳዩ የቦታም ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውኃ እዚህ በ94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ጥራዙ «ሽምብራው አንድ ሰዓት ይቀቀል» ካለ በዚህ ውኃ ተሞክሮ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ትንሽ ጨምሩ፣ ቆላ ላይ ቀንሱ። የሚቦካውማ የባሰ ነው። የስልጆው ገጽ «ሦስት ቀን ይቀመጥ» ይላል። እዚህ ሙቀት ሦስተኛው ቀን ላይ ደርሷል፤ አዲስ አበባ ያለችው እህቴ ግን ሦስት ቀን ጠብቃ «ይኼ የባቄላ ገንፎ ነው» ብላ ደወለችልኝ። አምስተኛው ቀን ላይ ኮመጠጠላት።

የሽምብራ ዓሣ፣ ሦስት ጊዜ

አሁን ወደዚያች ወደ ገጽ 12። የሽምብራ ዓሣ ከሽምብራ ዱቄት ተለውሶ፣ በዓሣ ቅርጽ ተቆርጦ፣ ተጠብሶ፣ ወጥ ውስጥ የሚገባ የጾም ምግብ ነው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ጣና ዳርም እንደሌላው ሀገር ነው፤ የማይበሉት ሰዎች ገበታቸው ላይ ዓሣው እንዳይጎድል ሽምብራውን ዓሣ አደረጉት። ይህ ብልሃት ሁልጊዜ ያስቀኛል፤ ከደጃፋቸው ሐይቅ ሙሉ ዓሣ እያለ።

ገጹ የሚለው ይህን ብቻ ነው፦ ዱቄቱ በጨውና በዘይት ይለወስ፣ በዓሣ አምሳል ይቆረጥ፣ ይጠበስ፣ ቁሌቱ ውስጥ ይግባ።

የመጀመሪያው ቀን ዱቄት ከሱቅ ገዝቼ በዚያው ምሽት ሠራሁት። ወጡ ውስጥ በገባ በአምስት ደቂቃ ተበተነ። ሽሮ ሆነ፤ እሱም ጥሬ ጥሬ የሚል ሽሮ። በማግስቱ ሰፈራችን ላሉ እማማ ነገርኳቸው።

«ልጄ፣ ለመሆኑ ሽምብራውን ቆልተሽዋል?»

«አይ እማማ፣ ዱቄቱን ከሱቅ ነው የገዛሁት።»

«እንግዲያው ጥሬ ነዋ! ከየት አባቱ ይያዛል?»

ሁለተኛው ቀን ሽምብራውን ለብ አድርጌ ቆልቼ፣ ከክቼ፣ ገለባውን አበጥሬ አስፈጨሁት። አልተበተነም፤ ግን ድንጋይ ሆነ። ሊጡን አወፍሬው ኖሯል። ሦስተኛው ቀን እማማ ራሳቸው መጥተው ወንበር ላይ ተቀምጠው አዘዙኝ። ከዚያ ቀን የመዘንኩት ይኸውላችሁ፤ ለአምስት ሰው ይበቃል።

ለሊጡ፦ 300 ግራም ለብ ተደርጎ ከተቆላ ሽምብራ የተፈጨና በደቃቅ ወንፊት የተነፋ ዱቄት፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ 1 የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ከ120 እስከ 150 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውኃ።

ለቁሌቱ፦ ግማሽ ኪሎ ቀይ ሽንኩርት፣ 3 የሾርባ ማንኪያ በርበሬ፣ ግማሽ ኩባያ ዘይት፣ 4 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ አንድ ሊትር ያህል የፈላ ውኃ፣ ጨው፣ ለመከለሻ አንድ የሻይ ማንኪያ ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ አብሮ የተወቀጠ።

ዘይቱን መጀመሪያ ከዱቄቱ ጋር በጣታችሁ አሹት፣ እንደ እርጥብ አሸዋ እስኪሆን። ውኃውን በአንድ ጊዜ አትጨምሩ። ሊጡ ጠንከር ማለት አለበት፤ በጣት ሲጫኑት ጠርዙ ከተሰነጠቀ አንድ ማንኪያ ውኃ፣ ከተጣበቀ አንድ እፍኝ ዱቄት። በእርጥብ ጨርቅ ሸፍናችሁ ግማሽ ሰዓት አሳርፉት። እማማን እናታቸው የሚቆጧቸው እዚህ ላይ ነበር፤ «ያላረፈ ሊጥ ከዘይት ጋር ይጣላል» ይሏቸው ነበር።

ዳምጡት፤ ከትንሽ ጣታችሁ ውፍረት አይበልጥ። በቢላ የጣት ርዝመት ያለው ዓሣ ቁረጡ፤ ጅራቱን ሹካ አድርጉት፣ ጎኑን በቢላ ጫፍ ቅርፊት ቅርፊት አስመስላችሁ ጫር ጫር አድርጉት። እማማ ለዓይኑ አንዳንድ ፍሬ ጥቁር አዝሙድ ይጫኑበታል። ጫር ጫሩ ለውበት ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ቁሌቱ የሚገባው በዚያ ነው።

ዘይቱ ሲግል ቁራሽ ሊጥ ጣሉበት፤ ወዲያው እየተንጫጫ ከተነሳ ደርሷል። ትንሽ ትንሽ እየጨመራችሁ ወርቃማ እስኪሆን ጥበሱ። አታጥቁሩት፤ ወጥ ውስጥ ገና ይበስላል።

ሽንኩርቱን በደረቁ አቁላሉት፣ ውኃው እስኪያልቅና ድስቱን መያዝ እስኪጀምር። ዘይቱን፣ ከዚያ በርበሬውን ጨምሩ፤ ውኃ ጠብ እያደረጋችሁ እሳቱን ረገብ አድርጋችሁ ሃያ ደቂቃ ያህል አማስሉት። ነጭ ሽንኩርቱን፣ ቀጥሎ የፈላውን ውኃ አስገቡ። ቁሌቱ ቀጠን ይበል፤ ሽምብራው ብዙ ይጠጣል። ሲንተከተክ ዓሣዎቹን አንድ በአንድ አስገቡና ማማሰያውን አስቀምጡ። ከዚህ በኋላ አይማሰልም፤ ድስቱን በጆሮው ይዞ መነቅነቅ ብቻ ነው። ከሩብ ሰዓት በኋላ ዘይቱ ጠለል ይላል፤ አንዱን ዓሣ በሹካ ስትወጉት ካለ ችግር ከገባ በስሏል። መከለሻውን ነስንሳችሁ አውርዱ። ሲያድር ይበልጥ ይጣፍጣል።

ከዚያ በኋላ ሁለት ጽሑፍ ጎን ለጎን አስቀምጡ፦ በግራ የጥራዙን እንዳለ፣ በቀኝ እናንተ የሠራችሁትን። አንዱን በሌላው ውስጥ አትቀላቅሉ። ልጆቻችሁ ሲያነቡት ሽምብራው ይቆላ ያለችው ገጽ 12 ናት ወይስ እማማ፣ መለየት አለባቸው።

እንዳለ የማይሠሩ

ሁሉም የዱሮ ምግብ ይሠራ ማለት አይደለም። ሁለቱን ላንሳ።

የጓያ ሽሮ ያለበት ገጽ «ሌሊቱን ይዘፍዘፍ፣ ውኃው ይደፋ፣ እንደገና ይዘፍዘፍ» ይላል። ይህን እንደ ልፋት ቆጥራችሁ እንዳትዘሉት። ጓያ ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን እግር ሽባ ያደርጋል፣ አይድንም፤ ፎገራና ደምቢያ በክፉ ቀን ይህን አይተዋል። መዘፍዘፍና ውኃውን መድፋት መርዙን ይቀንሳል፤ አያጠፋውም። እኔ ገጹን ገልብጬ አስቀምጬዋለሁ፤ ሽሮውን ግን በአተር ነው የሠራሁት።

ሌላው «በክረምት እንቁላል የያዘ ነጭ ዓሣ» የሚለው ነው። ነጭ ዓሣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ እንቁላሉን ለመጣል ወደ ርብና ጉማራ ወንዞች ይወጣል፤ በወንዙ አፍ ላይ በመረብ ሲዘጋበት ዘሩ ይጠፋል፤ ቁጥሩም ክፉኛ አሽቆልቁሏል። በዚያ ሰሞን ቆሮሶ ወይም አምባዛ ግዙ። በሌላው ወቅት ነጭ ዓሣ ስታገኙ ግን የጥራዙን ምክር ተከተሉ፦ ጎኑን ከላይ እስከ ታች ጠበቅ ጠበቅ አድርጋችሁ ሸንትሩት፣ በደንብ በጋለ ዘይት ጥበሱት። ሹካ ሹካ የሚለው ደቃቅ እሾሁ ይቆራረጥና ይጠበሳል፤ ጉሮሮ አይዝም።

ስሞቹ

ከየምግቡ ሥር ያሉትን ሴቶች ስም ለሰው ከማሳየታችሁ በፊት ቤተሰባቸውን ፈልጉ። እኔ እስካሁን ሦስቱን አግኝቻለሁ፤ የአንዷ ልጅ የእናቷን ስም በታይፕ ተጽፎ ስታይ ቡናው እስኪቀዘቅዝ ዝም አለች። ለእያንዳንዱ ቤት የየእናታቸውን ገጽ ፎቶ ኮፒ አድርጌ ሰጥቻለሁ፤ ቅጂው ድስት አጠገብ ይዋል፣ ዋናው ካርቶን ውስጥ ይተኛ።

ለቅመም ሻጯ በየወሩ ጋዜጣ አደርስላታለሁ። ከገጽ 1 እስከ 6 ያሉትን ማን እንደወሰዳቸው ባታስታውስም፣ ሁለቱን የበርበሬ ደንበኞቿን ጠይቃልኛለች። አንደኛዋ እሳት አቀጣጥላበታለች። ሁለተኛዋ ቤት ሄጄ አላገኘኋትም፤ ቅዳሜ ተመልሼ እሄዳለሁ።